ቤታችሁን ያለ ደላላ ለመሸጥ እንዴት ትዘጋጃላችሁ?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ልትሸጡ እንዳሰባችሁ ለሰፈሩ ባለሱቅ አንዴ ጣል ካደረጋችሁ በቃ፣ እስከ ማታ ስልካችሁ አያርፍም። አንዱ «ገዢው እጄ ላይ ነው» ይላል። ሌላው ቁልፍ ይጠይቃል። ሦስተኛው ጭራሽ ሳይደውል ሰው ይዞ በር ያንኳኳል።

ሥራቸውን በታማኝነት የሚሠሩ ደላሎች እንዳሉ አውቃለሁ። በተለምዶ የሚጠይቁት 2 በመቶ ነው። ቤቱ 10 ሚሊዮን ብር ከተሸጠ 200 ሺህ ብር ማለት ነው፤ ቀላል ገንዘብ አይደለም። እኔን ግን ከኮሚሽኑም በላይ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ብዙ ባለቤት ስለ ገዛ ቤቱ ዋጋና ወረቀት ከደላላው ያነሰ እያወቀ ገበያ ይወጣል። ያኔ በቤቱ የሚያዘው ደላላው ነው።

ስለዚህ ወሬው ሳይወጣ ዝግጅታችሁን ጨርሱ። አንድ ወር ቢፈጅም ይፍጅ።

መጀመሪያ ዋጋውን ራሳችሁ ድረሱበት

ማስታወቂያ ላይ የምታዩት ዋጋ የተጠየቀበት እንጂ የተሸጠበት አይደለም። የተሸጠበትን የሚያውቀው የሸጠው ሰው ነው። በቅርቡ በሰፈራችሁ ቤት የሸጠ ሰው ፈልጉ፤ ዕድር ላይ ብትጠይቁ የሚያውቅ አይጠፋም። «በስንት ሸጡት?» ብሎ መጀመር ይከብዳል። «እኔም ለመሸጥ እያሰብኩ ነውና እስቲ ይምከሩኝ» ስትሉ ግን አብዛኛው ሰው ይናገራል።

ከዚያ የእናንተን ቤት የሚመስሉ ሦስት አራት ቤቶች ሄዳችሁ እዩ። ካሬውን ብቻ አታወዳድሩ። መኪና በር ድረስ ይገባል? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ካርታው ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ)? ኮንዶሚኒየም ከሆነ ስንተኛ ፎቅ ነው? እነዚህ ሁሉ ዋጋውን ያንቀሳቅሱታል። ባንክ ለብድር መያዣ የሚገምተው ብዙ ጊዜ ከገበያው ዝቅ ስለሚል እሱን መሸጫ ዋጋ አታድርጉት።

በመጨረሻ ሁለት ቁጥር ይኖራችኋል፤ የምትጠሩትና ከዚያ በታች የማትወርዱበት። ሁለተኛውን ከትዳር አጋራችሁ በቀር ማንም አይስማው። አክስቴ አየር ጤና የነበራትን ቤት ስትሸጥ ለአንድ ደላላ «ከዚህ በታች አልወርድም» ብላ ቁጥሩን ነገረችው። ከዚያ በኋላ የመጣ ገዢ ሁሉ ልክ ያንኑ ቁጥር እየጠራ ገባ። አንድ ሺህ ብር እንኳ የጨመረ አልነበረም። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ቀጥሎ ወረቀቱ

ካርታውን አውጥታችሁ አንብቡት። ስሙ፣ ካሬው፣ የቤት ቁጥሩ ልክ ነው? ከወላጅ የተወረሰ ቤት ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥታችሁ መጀመሪያ ስሙን አዙሩ። ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አረጋግጡ። የመንግሥት ኮንዶሚኒየም ከሆነ እስከ 5 ዓመት እንዳይሸጥ የተጣለው ገደብ ማለቁን እዩ።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አንቀጽ 68፣ የጋራ የሆነ ቤት ሲሸጥ የባልም የሚስትም ስምምነት እንዲኖር ያዛል። ካርታው በአንዳችሁ ስም መሆኑ ብቻ ይህን አያስቀረውም። ያላገባችሁ ከሆነ ያላገባችሁ ስለመሆኑ ማስረጃ አዘጋጁ።

ውጭ አገር ሆናችሁ ዘመድ የምትወክሉ ደግሞ ውክልናው ቤት መሸጥን በግልጽ የሚጠቅስ ልዩ ውክልና መሆን አለበት። ጠቅላላ ውክልና ለዚህ አይበቃም። ከኤምባሲ ተሰጥቶም አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ስላለበት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ደላላን ግን በፍጹም አትወክሉ።

ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉ። ከሻጭ የሚጠየቀው ግብር ቤቱ መኖሪያ ወይም ንግድ እንደመሆኑ ይለያያል።

ማስታወቂያውና ማሳየቱ

በቀን ብርሃን ፎቶ አንሱ። ቤቱን አጽዱ፤ የሚያፈስ ቧንቧ ካለ አሠሩ። ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ካሬውን፣ ሰፈሩን፣ የካርታውን ዓይነትና ዋጋውን ጽፋችሁ «ከባለቤቱ በቀጥታ» በሉ። የካርታውን ፎቶ አትለጥፉ። ለጥሪው ሌላ ሲም ካርድ ብታወጡ እፎይ ትላላችሁ።

የሚደውለውን ሁሉ «ለራስዎ ነው ወይስ ለሌላ ሰው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ከስሙ ጋር ማስታወሻ ላይ ጻፉ። በኋላ «ይህን ገዢ ያመጣሁት እኔ ነኝ» የሚል ሲመጣ ማስታወሻችሁ ይጠቅማችኋል። ቀኑን እናንተ ወስኑ፤ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ። ቁልፍ ለማንም አይሰጥም።

ደላላ እውነተኛ ገዢ ይዞ ቢመጣና ብትፈልጉት፣ ስንት እንደምትከፍሉትና መቼ እንደምትከፍሉት ከማሳየታችሁ በፊት በጽሑፍ አድርጉት። ክፍያው ከውሉ በኋላ ይሁን። «ለእኔ ብቻ ስጡኝ» ካለ አትስማሙ።

ቀብድና ውል

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቸኩለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ወረቀታችሁ ሳይሟላ፣ የትዳር አጋራችሁ ሳይስማሙ ቀብድ ከተቀበላችሁ ጣጣው የእናንተ ነው። «አሁኑኑ ቀብድ ያዙና ይለቅ» የሚለውን ግፊት አትስሙ።

ካፌ ውስጥ በሁለት ምስክር የተፈረመ ወረቀትም አይበቃም። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። ዛሬ ይህ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው፤ ብዙዎቻችን አሁንም «ውልና ማስረጃ» የምንለው። ረቂቁን ለጠበቃ አሳዩ፤ ከደላላ ኮሚሽን ጋር ሲወዳደር የጠበቃው ክፍያ ትንሽ ነው። ውሉ ላይ እውነተኛውን ዋጋ ጻፉ፤ ክርክር ቢነሳ የሚታየው የተጻፈው ነው። የስም ማዞሪያውን ወጪ ማን እንደሚከፍልም ይግባበት።

ገንዘቡን በሲፒኦ፣ ማለትም ባንኩ ራሱ ክፍያውን በሚያረጋግጥበት የክፍያ ማዘዣ፣ ተቀበሉ። ከገዢው ጋር ባንክ ሄዳችሁ ዓይናችሁ እያየ በስማችሁ ይሠራ፤ ሰው ይዞት የመጣውን ሲፒኦ ግን ባንኩ ሳያረጋግጥላችሁ አትቀበሉ። ገዢው በባንክ ብድር የሚገዛ ከሆነ ባንኩ መቼና እንዴት እንደሚከፍላችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ።

ክፍያው ተጠናቆ ቤቱን የምታስረክቡ ቀን ከገዢው ጋር ቆማችሁ የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን አንብቡ። ቁጥሩን ጻፉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ከዚያ ቁልፉን ስጡ።