ለድግስ ጠረጴዛ የሚሆን የወረቀት ፋኖስ አሠራር

የወረቀት ፋኖስ ሲሠራ ብዙ ሰው የሚደክመው በሚበሳው ጌጥ ላይ ነው። ውበቱን የሚወስነው ግን ከጌጡ ጀርባ ያለው ስስ ወረቀት ነው። እሱ ከሌለ መብራቱ በየቀዳዳው ዓይን ይወጋል፤ ካለ ብርሃኑ ይበተንና ፋኖሱ ከላይ እስከ ታች እኩል ይፈካል።

ለሁለት ፋኖስ አንድ ኤ4 ወረቀት፣ አንድ ትሬሲንግ ወረቀት (ከጌጡ ጀርባ የሚገባው ብርሃን አሳላፊ ስስ ወረቀት)፣ ባለሁለት ገጽ ፕላስተር፣ ወስፌና በባትሪ የሚሠሩ ሁለት የኤልኢዲ ሻማዎች ይበቃሉ። የወረቀቱ ክብደት በካሬ ሜትር ከ120 እስከ 160 ግራም ይሁን። ባለ 80 ግራሙ የፎቶኮፒ ወረቀት ይልፈሰፈሳል፤ ከ200 ግራም በላይ የሆነው ደግሞ ሲጠቀለል ይሰባበራል።

ኤ4ውን በቁመቱ ለሁለት ይክፈሉት፤ 29.7 በ10.5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ይወጣሉ። በጣም የረዘመ ፋኖስ ፊት ለፊት የተቀመጡ እንግዶችን እርስ በርስ ይጋርዳል።

ጌጡን በሌላ ወረቀት ላይ ስለው በፋኖሱ የፊት ገጽ ላይ ያስይዙ፤ ከሥር የታጠፈ ፎጣ አንጥፈው በወስፌ ይብሱ። ከጀርባ ከተበሳ የቀዳዳው ሸካራ ጠርዝ ወደ ውጭ ይወጣል። በቀዳዳዎቹ መካከል ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ይተዉ፤ ከተጠጋጉ ሲጠቀለል ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀደዳል። ከላይና ከታች 1.5 ሴንቲ ሜትር፣ ለመደራረቢያም በአንዱ ጫፍ 1.5 ሴንቲ ሜትር አይበሳም። ጥቁር ወይም ደማቅ ሰማያዊ ወረቀት ከመረጡ ብርሃን የሚያልፈው በቀዳዳ ብቻ ስለሆነ በርከት አድርገው ይብሱ።

ትሬሲንጉን 28 በ10 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው በውስጥ በኩል በአንድ ጫፉ ብቻ ይለጥፉ። በሁለቱም ጫፍ ከተለጠፈ ይጨማደዳል፤ የውስጠኛው ክብ ከውጭኛው ያንሳልና። ፈሳሽ ኮላ ደግሞ ስሱን ወረቀት ያጎብጠዋል፣ ስለዚህ ፕላስተር ይሻላል። የፋኖሱን ሁለት ጫፎች አደራርበው ከመለጠፍዎ በፊት ወረቀቱን ጠርሙስ ላይ ጠቅልለው ጥቂት ይያዙት፤ አለዚያ መጋጠሚያው በድግሱ መሃል ሊላቀቅ ይችላል። ሲጣበቅ ስፋቱ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ሥሩን አይድፈኑት። የኤልኢዲው ማብሪያ ብዙውን ጊዜ ከታች ስለሆነ ፋኖሱን ማንሳቱ ይቀላል። ሻማውን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ባለበት አጭር ብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጡና ፋኖሱን ያልብሱት። ብርሃኑ ከፍ ስለሚል የላይኛው ክፍል አይጨልምም፤ ንፋስ ቢመጣም ብርጭቆው ፋኖሱን ይይዛል።

ለብርሃኑ ቀለም ሞቅ ያለ ቢጫ ይምረጡ፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ ምግቡንም ፊትንም ያገረጣል።

እውነተኛ ሻማ በፍጹም አይጠቀሙ። ወረቀት በ230 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀጣጠላል፣ የሻማ ነበልባል ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የኤልኢዲውም የባትሪ ክዳን በቡሎን የሚታሰር ይሁን፤ ሕፃን ትንሿን ክብ ባትሪ ቢውጥ ጉሮሮውን ታቃጥላለች። ከድግሱ በኋላ ባትሪውን ያውጡ፣ ውስጥ ከቆየ ሊያፈስና መገናኛውን ሊያዝገው ይችላል።