ፕሌቱ ባዶ ስለሆነ ውሃው ንጹሕ ነው አትበሉ

ድሬዳዋ ውስጥ ውሃ ስመረምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አንድ ቀን ከመጋላ ሰፈር አንዲት እናት የጀሪካን ውሃ አስመረመሩ። ልጆቻቸው ተቅማጥ አልለቅ ብሏቸው ነበር። በማግስቱ ፕሌቱን (ባክቴሪያ የምናሳድግበትን ሳህን) ሳየው አንድ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር) እንኳ የለም። "ንጹሕ" ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ ካነሳሁ በኋላ ኮንትሮሉን አየሁት። በእጄ ሕያው ኢ ኮላይ (ውሃ በሰገራ መበከሉን የሚያሳይ የአንጀት ባክቴሪያ) የዘራሁበት ማመሳከሪያ ፕሌት ነው። እሱም ባዶ ነው። ጥፋቱ የሚዲያው (ባክቴሪያው የሚያድግበት ምግብ) ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሚዲያ የማዘጋጀው እንዲህ ነው።

የሚዲያው ዱቄት እርጥበት ይስባል። ቆርቆሮውን ከፍታችሁ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት፤ የተከፈተበትን ቀን ጻፉበት። ከጓጎለ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ጣሉት። የምትበጠብጡበት ውሃ የተጣራ ዲስትልድ ይሁን። የድሬ ቧንቧ ውሃ ማፍያችን ውስጥ ነጭ ድንጋይ እንደሚጋግር ሁላችንም እናውቃለን። ያ ማዕድንና ክሎሪኑ ሚዲያውን ያበላሻሉ። ፒኤቹን (የአሲድነቱን ልክ) ከቀዘቀዘ በኋላ ለኩ። ኢ ኮላይ የምንፈልግበት ሚዲያ፣ ላውሪል ሰልፌት ብሮዝ፣ 7.4 አካባቢ መሆን አለበት።

ቀጥሎ ኦቶክሌቭ ነው፤ በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድል ማሽን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጽሐፉ "በ15 ፓውንድ ግፊት 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ" ይላል። ያ ለባሕር ወለል የተጻፈ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1900 ሜትር ገደማ ናት፤ ውሃ እንኳ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጠቋሚው 15 ላይ ሲደርስ ውስጡ 118 ቢሆን ነው። 121 ለማግኘት ሐረር ላይ 18፣ ድሬ ላይ 17 ገደማ ያስፈልጋል። ማሽኑ ይህን ግፊት የሚችል መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ከግፊቱ ይልቅ ሙቀቱን እመኑ። አየሩ በደንብ ሳይወጣ ቫልቩን አትዝጉ።

በሌላ በኩል ማብዛቱም ይጎዳል። ላክቶስ ብዙ ሲሞቅ ይሰበራል፣ ሚዲያው ይጠቁራል፣ ፒኤቹም ይወርዳል። ያን ቀን የገጠመኝ ይኸው ነው፤ "ለማንኛውም ይሁን" ብዬ ሁለት ጊዜ ኦቶክሌቭ አስገብቼው ነበር። የቀለጠ አጋርም (ሚዲያውን የሚያረጋው) በ50 ዲግሪ ገንዳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ መቆየት የለበትም። እኔ ከሦስት ሰዓት አላሳልፍም፣ ደግሜም አላቀልጥም።

አሁን በጣም የማስብበት ነገር ላይ ደረስን። በቧንቧ የመጣ ውሃ ክሎሪን አለው። ክሎሪን ባክቴሪያውን ሁሉ አይገድልም፤ አንዳንዱን አቁስሎ ይተወዋል። የቆሰለው በቀጥታ 44 ዲግሪ ውስጥ፣ ያውም ሌሎችን ለማፈን ኬሚካል በተጨመረበት ሚዲያ ላይ ሲገባ አይበቅልም። ሰው ሆድ ውስጥ ግን አገግሞ ሊያሳምም ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ አሳርፉት። ናሙና መያዣው ውስጥ ሶዲየም ታዮሰልፌት ይኑር፤ ክሎሪኑን ያስቆመዋል። ውሃው በበረዶ ሳጥን በ6 ሰዓት ውስጥ ይድረስ። 100 ሚሊ ሊትሩን በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ አሳልፉት። ማጣሪያውን ሚዲያው ላይ አኑሩና 4 ሰዓት በ30 ዲግሪ (ማሳረፊያው ይህ ነው)፣ ከዚያ 14 ሰዓት በ44 ዲግሪ አቆዩት። በግንቦት ሙቀት ጠረጴዛችን ራሱ 30 ዲግሪ ነው ብላችሁ እዚያ አትተዉት፤ ከሰዓት ሙቀቱ ያልፋል። ሙቀቱን እኩል የሚይዘው ሳጥን፣ ኢንኩቤተር፣ ውስጥ አስገቡት።

ሚዲያውን ከዚህም በላይ ማሻሻል ለሚፈልግ በአንድ ሊትር 1 ግራም ሶዲየም ፓይሩቬት መጨመር አንዱ መንገድ ነው። ሚዲያው ውስጥ የሚፈጠረውን ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ስለሚያፈርስ የቆሰሉት ያገግማሉ። ግን በአንድ ቀን አትቀይሩ። ያንኑ ውሃ በአሮጌውም በአዲሱም ሚዲያ ጎን ለጎን ዘርታችሁ፣ ለብዙ ናሙና ቆጥራችሁ አነጻጽሩ።

ለኮሌራ ጥርጣሬ መንገዱ ሌላ ነው። ናሙናውን የኮሌራ ባክቴሪያ በሚስማማው ፈሳሽ ሚዲያ፣ አልካላይን ፔፕቶን ውሃ፣ ውስጥ ከ6 እስከ 8 ሰዓት አሳድጉት። ከላይኛው ገጽ ወስዳችሁ ቲሲቢኤስ በሚባለው የኮሌራ ሚዲያ ላይ ዝሩ። ቢጫ ኮሎኒ ካያችሁ ለብቻው ዘርታችሁ አጥሩት፣ በሌላ ምርመራም አረጋግጡ። ቲሲቢኤስን ኦቶክሌቭ ውስጥ አታስገቡ፤ ማፍላት ብቻ ይበቃዋል።

በእያንዳንዱ ባች (በአንድ ጊዜ የተዘጋጀ ሚዲያ) ሦስት ፕሌት ለኮንትሮል ይመደብ። አንዱ ላይ ኢ ኮላይ ይዘራል፤ ቢጫ ሆኖ መብቀል አለበት። ሁለተኛው ላይ ሌላ ባክቴሪያ፣ ክሌብሲየላ ኤሮጀነስ፤ በ44 ዲግሪ ቢጫ መስጠት የለበትም። ሦስተኛው ላይ ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ፤ ምንም መውጣት የለበትም። የሦስቱን ውጤት ከናሙናው ጋር በአንድ መስመር እጽፋለሁ።

የመጋላዋን እናት ናሙና መድገም አልቻልኩም፤ ሰዓቱ አልፎበት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጠርሙስ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ፣ አዲስ ሚዲያ ላይ ዘራሁት። ቢጫው ለመቁጠር አስቸገረኝ። "እትዬ፣ ልጆቹ የሚጠጡትን ከዛሬ ጀምሮ ያፍሉ፣ ጀሪካኑንም በበረኪና ይጠቡት" አልኳቸው።