የገና ካክተሳችን እምቡጥ የቋጠረው እንዲህ ነው

ሳሎን ያስቀመጥነው የገና ካክተስ ይለመልማል እንጂ እምቡጥ አልሰጥ ብሎ ነበር። ማዳበሪያም ለውጥ አላመጣም። ጣጣው የመብራት ነው። ይህ ተክል እምቡጥ የሚቋጥረው በየሌሊቱ 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ያልተቋረጠ ጨለማ፣ ቀዝቀዝ ያለ አየርም ሲያገኝ ነው፤ ሳሎናችን ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት አምፖል አይጠፋበትም።

ጥቅምት ሲገባ የመንገድ መብራት ወደማይደርስበት የጓሮ በረንዳ አወጣሁት። ከመስቀል በኋላ ሌሊቱ ራሱ ይረዝማል፤ ጎንደርም ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ሌሊቷ ይቀዘቅዛል፤ ካርቶን መድፋት እንኳ አላስፈለገኝም። ውሃውን ቀነስኩ፤ የአፈሩ ላይኛው ክፍል ሲደርቅ ብቻ። እንደ በረሃ ቁልቋል ግን ጨርሶ አታድርቁት! አገሩ የብራዚል ተራራማ ጫካ ነው፤ እዚያ ዛፍና ቋጥኝ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ስለዚህ የቀትር ፀሐይ ያቀላዋል፣ የጠዋቷ ትበቃዋለች። የኛ ዋልካ አፈርም ውሃ ስለሚቋጥር ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ ግማሹን ሻካራ አሸዋ ቀላቅያለሁ።

ኅዳር ላይ ቅጠል ከሚመስለው ግንድ ጫፍ ጫፍ የክብሪት ራስ የምታክል ቀይ ነጥብ ብቅ አለች። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ከዚያ ወዲህ ዕቃውን አላዞርኩትም፣ አላንቀሳቀስኩትም፤ ብርሃንና ሙቀት በድንገት ሲቀየርበት እምቡጡን ያራግፋል።