ድሬ ላይ ባትሪ ኢኳላይዝ ስታደርጉ

ባትሪ ደርድራችሁ በሶላር ወይም በኢንቨርተር የምትጠቀሙ የድሬ ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ማታ መብራቱ ቶሎ መድከም ሲጀምር ብዙ ሰው ባትሪው ሞቷል ብሎ አዲስ ሊገዛ ይሮጣል። አቦ፣ መጀመሪያ ለኩ!

ባትሪው ውስጥ ተያይዘው የሚሠሩት ክፍሎች፣ ሴሎቹ ማለት ነው፣ እኩል አይሞሉም። ጎድሎ የሚቀረው ሴል ፕሌቱ (ውስጡ ያለው የእርሳስ ሰሌዳ) ላይ ሰልፌት የሚባል ቅርፊት ይጠነክርበታል፣ ከባዱ አሲድ ደግሞ ወደ ታች ይዘቅጣል። ኢኳላይዝ ማድረግ ማለት የሞላውን ባትሪ ሆን ብሎ ከወትሮው ከፍ ባለ ቮልት፣ በትንሽ አምፒር ለጥቂት ሰዓት ቻርጅ ማድረግ ነው። አረፋው አሲዱን ያማስለዋል፣ የዘገየው ሴልም ይደርሳል። ይህ ክዳኑ ተከፍቶ ውሃ ለሚጨመርበት ባትሪ ብቻ ነው። ድፍን ባትሪ፣ ጄል ወይም ሊትየም ላይ በፍጹም እንዳትሞክሩት።

ባትሪው ሲሞላ እያንዳንዱን ሴል በሃይድሮሜትር፣ የአሲዱን ክብደት ከውሃ ጋር አነጻጽሮ በሚያሳየው መለኪያ፣ ለኩ። ጤነኛ ሴል 1.265 አካባቢ ያሳያል። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.030 በላይ ከሆነ ሥራው ያስፈልጋል። ካልሆነ ተዉት፤ ያለምክንያት ማፍላት ፕሌቱን ይበላዋል።

ቮልቱን ከባትሪው መመሪያ ላይ ውሰዱ። ለ12 ቮልት ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ15.5 እስከ 16.2 ነው፣ ግን ይሄ 25 ዲግሪ ላይ ነው። የእኛ ሙቀት ሌላ ነው! ባትሪው 35 ዲግሪ ከደረሰ 0.3 ቮልት ያህል ቀንሱ። ቻርጁን የሚቆጣጠረው ኮንትሮለር የሙቀት ሴንሰር ካለው ራሱ ይቀንሳል፣ እናንተ አትድገሙት። በመብራት ቻርጅ የምታደርጉ ሌሊት ወይም ማለዳ ሥሩት። ባትሪው ራሱ 50 ዲግሪ ከነካ ወዲያው አቁሙ።

ከመጀመራችሁ በፊት ቴሌቪዥኑን፣ ፍሪጁን፣ አምፖሉን ሁሉ ከባትሪው ንቀሉ፤ ያ ቮልት ያቃጥላቸዋል። መስኮት ክፈቱ። የሚወጣው ሃይድሮጂን አየሩ ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ይፈነዳልና ከሰል፣ ሲጋራ፣ ዕጣንም ቢሆን አጠገቡ አይጨስ። መነጽርና ጓንት አድርጉ።

ውሃው ፕሌቱን መሸፈኑን እዩ፣ ግን እስከ አፉ አትሙሉት፣ ሲፈላ ይገነፍላል። ጨርሶ ሲቀዘቅዝ እስከ ምልክቱ ሙሉት። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው፤ አሲድ አይደለም፣ የቧንቧ ውሃም አይደለም። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የተጋገረውን ነጭ ነገር አይታችሁ የለ? እሱ ባትሪው ውስጥ መግባት የለበትም።

በየሰዓቱ ለኩ። ንባቡ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ካልጨመረ በቃ፣ አጥፉት። ሌሎቹ ወጥተው አንድ ሴል ብቻ ወደ ታች ከቀረ ግን ያ ሴል ውስጡ ተበላሽቷል፣ ደጋግሞ ማፍላት አያድነውም። ያ ሴል ያለበትን ባትሪ ብቻ በአዲስ ልተካ ካላችሁም፣ ያረጁት አዲሱን ይዘውት እንደሚወርዱ አስቡበት።