ለታመመ ሰው መረቅ ብቻ አይበቃም

ቤት ውስጥ ታማሚ ካለ አጥንት ቀቅሎ መረቁን ብቻ መስጠት የተለመደ ነው። መረቁ ፈሳሽና ጨው ይሰጣል፤ አብዛኛው ፕሮቲን ግን ድስቱ ውስጥ የቀረው ሥጋ ላይ ነው። ስለዚህ ሥጋውን በደንብ አድቅቃችሁ ጨምሩበት።

ከባድ ኢንፌክሽን ወይም ቀዶ ሕክምና ሲኖር ሰውነት የራሱን ጡንቻ እያፈረሰ አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚሠራበትን ንጥረ ነገር) ያወጣል። ጉበት በዚያ የመከላከያ ፕሮቲን ይሠራል፣ ግሉኮስም (ለኃይል የሚሆን ስኳር) ያመርታል። በሽተኛ ቶሎ የሚከሳው አንድም በዚህ ነው። ሆስፒታል ለተኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመከረው በቀን በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ከ72 ግራም ይጀምራል። አንድ እንቁላል ያለው 6 ግራም ገደማ ነው፤ እንግዲህ አስሉት። ጾም ከሆነ (ለነገሩ ታማሚ አይገደድም) ሽሮና ምስር በእንጀራ ጥሩ ነው። ጥራጥሬው ላይሲን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ያመጣል፣ እህሉ ሜታዮኒን የሚባለውን። ኃይል ሰጪ ምግብም አይጉደል፤ አለዚያ ፕሮቲኑ ማገዶ ሆኖ ይቀራል።

የአሚኖ አሲድ ዱቄት በራሳችሁ አትግዙ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት ግሉታሚን የሚባል አሚኖ አሲድ የተሰጣቸው ጽኑ ሕሙማን ላይ ሞት ጨምሮ አግኝቷል። የኩላሊት ሕመም ካለ ደግሞ የፕሮቲኑን መጠን ሐኪም ይወስን።