«ይቺን ምዕራፍ ልጨርስና» እና ሌሎች ጸሐፊን ብቻውን የሚያስቀሩ ስህተቶች

መጻፍ ብቻን መሆን ይፈልጋል። በር ይዘጋል፣ ስልክ ይጠፋል። ችግሩ የዘጉትን በር መልሶ መክፈት መርሳት ነው። እኔም ረስቼ አውቃለሁ።

«ይቺን ምዕራፍ ልጨርስና እደውላለሁ»

ምዕራፍ አያልቅም። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል። ወዳጅ ሁለት ሦስቴ ይታገሣል፣ ከዚያ መደወሉን ይተወዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ከሠርግ መቅረት በይቅርታ ይታለፋል፤ ከለቅሶ መቅረት ግን ይቆጠራል። ሐዘን ቤት ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ንፍሮ መቆርጠም ከየትኛውም ረቂቅ ይቀድማል።

ወዳጅን ሁሉ አንባቢ ማድረግ

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ለልጅነት ጓደኛዬ 84 ገጽ ረቂቅ በቴሌግራም ላክሁለት። ሁለት ራይት አሳየኝ። ከዚያ ዝም። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። ስንገናኝ ማኪያቶውን ዝም ብሎ ያማስላል፣ ዓይኔን አያይም። ሥራዬን ንቆት ነው ብዬ አኮረፍኩ። ለካ ስላላነበበው አፍሮ ነው የሚሸሸኝ! «ተወው በቃ፣ አታንብበው» ስለው ማንኪያውን አስቀምጦ ሳቀ።

ረቂቅ መላክ የቤት ሥራ መስጠት ነው። አስቀድሞ «ጊዜ አለህ?» ማለት፣ ሦስት ገጽ ብቻ መስጠት፣ ምን እንዲታይልን እንደምንፈልግ መንገር ይበቃል። ካላነበበም ጓደኛ ነው።

ለራስ ምርቃት ብቻ መውጣት

ብዙዎቻችን ሰው ትዝ የሚለን መጽሐፋችን ሊመረቅ ሲል ነው። ወመዘክር የመጽሐፍ ውይይት አለ ተብሎ ብንሄድ እንኳ የኋላ ወንበር ይዘን፣ ንግግሩ ሲያበቃ አንገታችንን ደፍተን እንወጣለን። ዋናው ነገር ግን የሚጀምረው ሰው በር ላይ ቆሞ ሲያወራ ነው። «ጥሩ ሥራ ነው» ማለት ጨዋታ አይከፍትም። «ያቺ ጎረቤት ሴትዮ መጨረሻ ላይ የት ጠፋች?» ብትሉት ደራሲው ራሱ ስማችሁን ይጠይቃል። ስማቸው የገነነ ደራሲያንን መፍራትም ደግ አይደለም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን የሚያስታውሱ ሰዎች ከመጻሕፍቱ እኩል የሚያነሱት በዙሪያው ይሰበሰቡ የነበሩትን ወጣቶች ነው።

ጸሐፊ ጓደኛ ብቻ መፈለግ

ጸሐፊዎች ብቻችንን ስንሆን ወሬው ሁሉ የወረቀት ዋጋና የአከፋፋይ ኮሚሽን ይሆናል። ዕቁብተኛውም፣ የሰፈሩ ልብስ ሰፊም ይኑሩ። ለነገሩ ደህና ደህናውን ንግግር የምንሰርቀው ከነሱ ነው።

ቅናትን አምቆ መጥፋት

የጓደኛ መጽሐፍ ሁለተኛ እትም ሲደርስ ያማል፣ አንዋሽ። በዚያው ቀን «እንኳን ደስ ያለህ» ማለት ይሻላል። ሁለት ቀን ካለፈ ስልኩ ይከብዳል፣ ወር ካለፈ መንገድ መቀየር ይጀመራል።

ያ ጓደኛዬ 84ቱን ገጽ እስካሁን አላነበበም። እሁድ እሁድ ግን እንገናኛለን። ባለፈው «መጽሐፉ የት ደረሰ?» አለኝ። «ይቺን ምዕራፍ ልጨርስና...» ብዬ ስጀምር፣ አስተናጋጇን ጠርቶ ሒሳቡን ወደ እኔ ጠቆማት።