ድሮኑ ደህና አርፎ ቀረጻው የሚጠፋው እንዴት ነው? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ድሮን የሚያበር ሰው ጭንቀቱ ውሃ ነው። ጣና ውስጥ ከገባ አለቀ። ስለዚህ ባትሪው በየደቂቃው ይታያል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳና ሐይቁ መናወጥ ሲጀምር ቶሎ ይወረዳል። ድሮኑ ካረፈ በኋላ ግን ጥንቃቄውም አብሮ ያርፋል። እዚህ ከተማ የሠርግና የማስታወቂያ ቀረጻ የሚሠሩ ልጆች "ጠፋብኝ" ሲሉ ከሰማሁት ውስጥ ውሃ የበላው ጥቂቱ ነው። አብዛኛው የጠፋው ድሮኑ ካረፈ በኋላ፣ ሰው ደክሞት እስኪተኛ ባሉት ሰዓታት ነው።

የማብረር ፈቃድ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እሱን ጨርሳችሁ እንደመጣችሁ ቆጥሬ ልቀጥል።

ኮፒ እንዳለቀ ሜሞሪውን ፎርማት ማድረግ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሜሞሪው ላይ የነበረው ወደ ላፕቶፕ ሄደ፣ ሜሞሪው ባዶ ሆነ፣ "ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ይዣለሁ" ተባለ። አልተያዘም። ቀረጻው ቦታ ቀየረ እንጂ አሁንም አንድ ነው። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ወይም ቡና ቢደፋበት ሙሽሮቹን እንደገና ማጋባት አይቻልም።

ፒተር ክሮግ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ያስለመደው 3-2-1 የሚባል ደንብ አለ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጭ። ወደ እኛ ሲመጣ አንዱ ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ሦስተኛው ሌላ ሰፈር ባለ የእህታችሁ ወይም የጓደኛችሁ ቤት በሚቀመጥ ዲስክ ላይ ይሆናል። ከቤት ውጭ ለማስቀመጥ ኢንተርኔት የግድ አይደለም። ሌባ በአንድ ሌሊት ሁለቱንም ቤት አይሰብርም።

ፎርማት የሚደረገው ፋይሉ ቢያንስ ሁለት ቦታ ከተቀመጠና ተከፍቶ ከታየ በኋላ ነው። ፎልደሩ ውስጥ ትንሿ ምስል መታየቷ ብቻ ምንም ማረጋገጫ አይደለም። የሁለቱን ፎልደር የፋይል ብዛትና መጠን አስተያዩ። ከዚያ ረዘም ያለውን ቪዲዮ ክፈቱና መሃሉንና መጨረሻውን ተመልከቱ። ፎርማቱንም ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ድሮኑ ላይ አድርጉት። ተጨማሪ ሜሞሪ መግዛት ከአቅም በላይ ካልሆነ ደግሞ ለምን ትቸኩላላችሁ? ሥራው ለደንበኛው እስኪደርስ ሜሞሪው እንዳለ ይቀመጥ።

"ሪፕሌስ" የምትለዋን መጫን

ይቺኛዋ ድምፅ የላትም። ጠዋት ዘጌ ቀረጻችሁ፣ ሜሞሪ ቀየራችሁ፣ ከሰዓት ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥታችሁ አባይን ቀረጻችሁ እንበል። በብዙ ቆየት ያሉ ድሮኖች ላይ የፋይሉ ስም ከድሮኑ አምራች ስም ተነስቶ ዲጄአይ 0001፣ 0002 እያለ ይሄዳል። አዲስ ሜሞሪ ሲገባ ቁጥሩ እንደገና ከአንድ ሊጀምር ይችላል። ማታ ሁለቱንም አንድ ፎልደር ውስጥ ስትጨምሩ ኮምፒውተሩ "ይሄ ስም አለ፣ ልተካው?" ብሎ ይጠይቃል። የደከመው ሰው "ሪፕሌስ" ይላል። ዘጌ እዚያው አለቀላት። ቤዛዊት በቦታዋ ተቀምጣለች። ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም፣ ሰውየውም ደስ ብሎት ይተኛል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሜሞሪ የራሱ ፎልደር መክፈት ነው። ስሙ በቀን ይጀምር፣ ዓመቱ ይቅደም፦ "2026-01-19 ጥምቀት ሜሞሪ 1"። የፈረንጅ ቀን የጻፍኩት ድሮኑ ራሱ ፋይሉ ላይ የሚያትመው እሱን ስለሆነ ነው። ግማሹን "ጥር 11" ግማሹን "ጃንዋሪ 19" እያላችሁ ካስቀመጣችሁ ከዓመት በኋላ ፍለጋው ሌላ ሥራ ይሆንባችኋል። አዳዲሶቹ ሞዴሎች ቀንና ሰዓቱን ፋይሉ ስም ውስጥ ስለሚጨምሩ አደጋው ቀንሷል። ቢሆንም የየሜሞሪውን ፎልደር አትተዉት።

"ስልኬ ላይ አለ" ማለት

ስልክ ላይ የምታዩት ብዙ ጊዜ አፑ ለዕይታ ብሎ የያዘው ዝቅተኛ ጥራት ያለው ቅጂ ነው። መለያው መጠኑ ነው። 4ኬ የሚባለው ከፍተኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ሲቀረጽ (8 ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው) አንዱ ደቂቃ ወደ 750 ሜጋባይት ይይዛል። የእናንተ አንድ ደቂቃ 60 ሜጋባይት ከሆነ ዋናው ፋይል እጃችሁ ላይ የለም።

ኢንተርኔት ላይ ብቻ መተማመን

ሒሳቡን እንሥራው። በዚያው ጥራት የ20 ደቂቃ በረራ 15 ጊጋ ነው። ጎግል በነፃ የሚሰጠው ጠቅላላ ቦታ 15 ጊጋ ነው፣ እሱንም ከኢሜይላችሁ ጋር ይጋራዋል። አንድ በረራ ሞላው ማለት ነው። በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚጭን መስመር 15 ጊጋ ለመስቀል ያለማቋረጥ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይፈጃል። መሃል ላይ መብራት ሲሄድ ደግሞ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት (በእኛ አቆጣጠር) አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየም ማንም አልረሳውም።

ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ እኔም አልቃወምም። ግን በፋይል መልክ ላኩት። በቪዲዮነት ወይም በፎቶነት ከሄደ ይጨመቃል። በነፃው አካውንት አንድ ፋይል ከ2 ጊጋ መብለጥ አይችልም። ጎግል ፎቶስ ላይም ቦታ ቆጣቢው ምርጫ በርቶ ከሆነ 4ኬው 1080 ወደሚባለው ዝቅ ያለ ጥራት ይወርዳል። ከስልካችሁ ስታጠፉት ከዚያም ሊጠፋ እንደሚችል አትርሱ። እኔ ኢንተርኔት ላይ የምጭነው የተመረጡትን ፎቶዎችና ተቆርጦ ያለቀውን ቪዲዮ ብቻ ነው። ጥሬው ዲስክ ላይ ይቀመጣል።

በጉዞ ላይ ሁሉንም አንድ ቦርሳ ውስጥ መክተት

ላፕቶፑም፣ ዲስኩም፣ ሜሞሪውም አንድ ቦርሳ ውስጥ ካሉ ሦስት ቅጂ አይባሉም። ቦርሳው ከሄደ ሁሉም ይሄዳል። ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የምትመለሱ ከሆነ ላፕቶፑ በአንዱ ቦርሳ፣ ዲስኩ በሌላው፣ ሜሞሪው ኪሳችሁ ውስጥ በማቀፊያው ይሁን። ሃርድ ዲስክ ከላይ መደርደሪያ ላይ አታስቀምጡ። ሲወድቅ አይምርም።

ጀልባ ላይ ሜሞሪ አትቀይሩ። 15 ሚሊሜትር በ11 ሚሊሜትር የሆነች ነገር ከጣቶቻችሁ ካመለጠች ማን ያገኛታል? ደሴቱ ላይ ወርዳችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ ጨርቅ አንጥፋችሁ ቀይሩ። ላፕቶፕ ካልያዛችሁ ስልክ ላይ የሚሰካ ካርድ ሪደር በቂ ነው። ስትመለሱ ሐይቁ ዳር አሳ አዝዛችሁ እስኪጠበስ ድረስ የጠዋቱ ቀረጻ ወደ ስልኩ ይገለበጣል። እኔ ከዚያ የተሻለ የባካፕ ሰዓት አላውቅም።

የሰው ኮምፒውተር ላይ መሰካት

ፎልደሩን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረውን ቫይረስ የማያውቅ የለም። ሜሞሪዋን የምትከቱበት ትልቁ አዳፕተር ጎኑ ላይ "ሎክ" የሚል ትንሽ መቀያየሪያ አለው። የሰው ማሽን ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ቆልፉት፤ አብዛኛው ካርድ ሪደር ከዚያ በኋላ ሜሞሪው ላይ መጻፍ አይችልም። ቫይረሱ ከያዛችሁም ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም።

ሳይፈትኑ አዲስ ሜሞሪ ይዞ መውጣት

128 ጊጋ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 16 የሆነ ሜሞሪ ገበያ ላይ አለ። ሲሞላ አይነግራችሁም፤ መጻፉን እየቀጠለ ቀረጻውን ያበላሻል። ኤች2ቴስትደብሊው ወይም ኤፍ3 የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ሙሉውን ሞልተው እያነበቡ እውነቱን ያወጡታል። ሰዓት ይፈጃል፣ ማታ ለቃችሁት ተኙ።

ቀረጻ ሳያቆሙ ድሮኑን ማጥፋት

ድሮኑ ቪዲዮውን የሚያስቀምጥበት የኤምፒፎር ፋይል ማውጫ (የውስጡ ዝርዝር) የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ቀረጻው ሲቆም ነው። ከዚያ በፊት ባትሪውን ከነቀላችሁ ፋይሉ አለ ግን አይከፈትም። አንዳንድ ድሮኖች ያንኑ ሜሞሪ መልሳችሁ ስታስገቡና ስታበሩ ራሳቸው ይጠግኑታል፤ ስለዚህ አጥፍታችሁት እንዳትጥሉት።

ከጠፋ በኋላ መቅረጽ መቀጠል

በስህተት ፎርማት ከተደረገ በዚያች ሰከንድ ሜሞሪውን አውጡ። ፎርማቱ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ዝርዝሩን ነው፤ ቪዲዮው አዲስ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው አለ። "አንድ በረራ ብቻ ልጨምር" ያለ ሰው ነው የሚያጠፋው። ፎቶሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙውን ሊያወጣ ይችላል። ፎቶ ይቀለዋል፤ ረጅም ቪዲዮ ግን ተቆራርጦ ሊመጣ ይችላል። ያወጣውን እዚያው ሜሞሪ ላይ አታስቀምጡት፣ ወደ ሌላ ዲስክ ይሂድ። የጠፋው ከላፕቶፕ ኤስኤስዲ (አዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው ፈጣን ዲስክ) ላይ ከሆነ ግን ተስፋው ቀጭን ነው፤ ኤስኤስዲ የተሰረዘውን ቦታ ራሱ ቶሎ ያጸዳል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ፈልጉ የምለው የድሮን ሜሞሪውን ነው።